የጓሮ አረምን በመሬት ሸፋኝ ተክል መተካት፦ ከጥር እስከ ጥር የሚያስኬድ ዝርዝር መመሪያ

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን በኩል ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ግቢውን ከአረም ለማዳን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰኔ ላይ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ ያሳጭዳል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ይገዛል። ይተክላል። መስከረም ሲጠባ ችግኙ የት እንደገባ ለማየት ሙጃውን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ግድ ይሆናል።

ጥፋቱ የችግኙ አይደለም። መሬት ሸፋኝ ተክል (ችግኝ ሻጮች ግራውንድ ከቨር የሚሉት) አረም አይገድልም። ባዶ ያገኘውን መሬት ይይዛል፣ አፈሩን ያጨልማል፣ ብርሃን ፈልጎ የሚበቅለውን ዘር ያግዳል። አፈር ውስጥ ሥር ይዞ የተቀመጠውን ሰርዶ ግን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ መሬቱን ባዶ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ተክሉ እስኪገጥም ድረስ ባዶነቱን የምትጠብቁትም እናንተው ናችሁ። ተከላው በሁለቱ መሃል ያለ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ አረማችሁን በሥሩ ለዩ

አፈሩ እርጥብ ሲሆን በግቢው አምስት ስድስት ቦታ አንድ አንድ አካፋ አፈር ገልብጡ። ቅጠሉን ተዉት፣ ሥሩን እዩ።

ቀጭን የሥር ጭራ ብቻ ይዞ ከመጣ። ሙጃ፣ መጭ፣ ጨጎጊት፣ አስተናግር እዚህ ይመደባሉ። አደይ አበባም ትወደዳለች እንጂ ከዚሁ ወገን ናት። እነዚህ የሚመለሱት በዘር ነው። ሳያፈሩ ከነቀላችኋቸው በየዓመቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ሥር ካለው። ቱልት ዋናው ነው። ቅጠሉን ብትጎትቱ አናቱ ላይ ይበጠስና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአናቱ አውጡት።

ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ከሆነ። ከአፈር ያወጣችሁትን ሥር በጣት ጥረጉትና ተመልከቱት። ገርጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ የሾለ ነው። በየሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አለው። እያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ለመብቀል የተዘጋጀ ዓይን አለ። በዶማ ሦስት ቦታ ከቆረጣችሁት ሦስት ሰርዶ ተክላችኋል ማለት ነው።

እንግጫ ከሆነ። ግንዱን በሁለት ጣት አሽከርክሩት፤ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃችኋል። ስትጎትቱት በቀላሉ ይነቀላል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ዋናው ነገር ግን ከታች ቀርቷል። በአካፋ ዝቅ ብላችሁ ብታወጡት በቀጭን ክር ጫፍ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠቆር ያለች ፍሬ ታገኛላችሁ። አዲሱ እንግጫ የሚወጣው ከእሷ ነው።

በወረቀት ላይ የግቢውን ንድፍ ሳሉና የትኛው የት እንዳለ ጻፉ። ሰርዶና እንግጫ ያለበት ቦታ ከሌላው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ደረጃ 2፦ ጊዜውን ያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን ክረምት ላይ ይጀምረዋል። የሚጀመረው በበጋ ነው።

ጥር እና የካቲት፦ መንቀል። የተነቀለ ሥር ፀሐይ ላይ የሚደርቀው በዚህ ወቅት ነው።

መጋቢት እና ሚያዝያ፦ የበልግ ዝናብ አፈር ውስጥ ያለውን ዘር ያስበቅልላችኋል። እናንተ ትገድሉታላችሁ።

ግንቦት፦ አፈር ማስተካከል፣ ድንበር መሥራት፣ ችግኝ ማባዛት።

ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ፦ ተከላ፣ አፈራችሁ ቀይና ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ። ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ዋናው ዝናብ ይለፍና ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ ትከሉ። አለዚያ ችግኙ በውሃ ታፍኖ ይበሰብሳል።

ከዚያ እስከ ጥር፦ ጥበቃ።

ይህን የምታነቡት ክረምት ላይ ከሆነ ግቢውን ሁሉ አትንኩ። ከበሩ አጠገብ 5 ወይም 10 ካሬ ብቻ በደንብ አጽድታችሁ ትከሉ። የቀረውን በየጊዜው እያጨዳችሁ ዘር እንዳያፈራ ብቻ ጠብቁት። ለነገሩ በጋ ላይ ብትጀምሩም 100 ካሬ በአንዴ አትያዙ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ቤተሰብ በዓመት 20 ወይም 30 ካሬ ከጨረሰ ጎበዝ ነው።

ደረጃ 3፦ ዕቃ አዘጋጁ

አካፋ፣ ዶማ፣ ማጭድ፣ ባልዲ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሲባጎ፣ ሜትር። መሬት የሚገለብጥ ባለ ጥርስ ሹካ ካገኛችሁ ግዙ፤ ሥሩን ሳይቆርጥ ያነሳል። ከእጅ አይሻል ዶማ የተባለው ለሰርዶ ይመስለኛል።

ወፍራም ጓንት አይቅር። ሳማው አለ። ቅንጭ አረም ደግሞ ከሳማ ይብሳል፤ ደጋግሞ የነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ አስም ያለበትንም ያስቸግራል። ቅንጭ አረም ካያችሁ ሳያብብ ንቀሉት።

ደረጃ 4፦ መሬቱን ባዶ አድርጉ

ሦስት መንገድ አለ። እንደ አረሙ ዓይነት ምረጡ።

መንገድ ሀ፦ ነቀላ (ለሰርዶ፣ ለኪኩዩ፣ ለቱልት)

1. ከዋዜማው ቦታውን ውሃ አጠጡት። ደረቅ ጥቁር አፈር እንደ ድንጋይ ነው፤ ሥሩ ውስጥ ይበጠሳል። ጭቃ የሆነውም አይሠራም። አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት የሚፈረካከስ ከሆነ ልክ ነው።
2. ቅጠሉን በማጭድ ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱና አውጡት።
3. ከአንዱ ጥግ ጀምሩ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ አላሉት እንጂ አትከትክቱት።
4. ሥሩን በእጅ ተከትላችሁ ሳብ፣ ሳብ እያደረጋችሁ ሙሉውን አውጡ። የተቆረጠች ቁራጭ ካያችሁ አትለፏት።
5. ያወጣችሁትን ወዲያው ከረጢት ውስጥ ክተቱ። አፈሩ ላይ ክምር አድርጋችሁ ካሳደራችሁት ከታች ያለው ሥር ይሰድዳል።
6. ሲሚንቶ ላይ ወይም ቆርቆሮ ላይ አስጡት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ።
7. ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቦታ ላይ ተመለሱ። ያመለጣችሁ ቁራጭ አረንጓዴ ጫፍ አውጥቶ ራሱን ያጋልጣል።

ሠራተኛ ቀጥራችሁ ከሆነ አብራችሁ ቁሙ። «እትዬ፣ በማጭድ ሙልጭ አድርጌ ልስጥዎት» ይላል፤ ለሱ ሥራው በአንድ ጠዋት ያልቃል። ዋጋውን በካሬ ሳይሆን በቀን ተነጋገሩ። በካሬ የተከፈለው ሰው ሥር እየለቀመ ጊዜ አያጠፋም፤ ፈጥኖ ቆፍሮ ሰርዶውን አባዝቶላችሁ ይሄዳል።

በትራክተር ወይም በሞተር መቆፈሪያ ማሳረስም ለሰርዶና ለእንግጫ ውሃ ወቀጣ ነው። እንዲያውም ሥሩን ቆራርጦ ግቢውን ሙሉ ያዳርሰዋል።

መንገድ ለ፦ ማፈን (በዘር ለሚመለሰው የአንድ ወቅት አረም፣ በትዕግስት ለሰርዶም)

አረሙን ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ። መሬቱን በደንብ አርጥቡ። ካርቶን ሁለት ድርብ አንጥፉ። ከማንጠፋችሁ በፊት ስኮቹንና የብረት ስፌቱን ንቀሉ። የአንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይደረብ፤ አረሙ የሚፈልገው ያችን ክፍተት ነው። ካርቶኑን ራሱን አርጥቡና 8 ሴንቲ ሜትር ያህል የበሰለ ኮምፖስት አልብሱት።

ለሰርዶ ካርቶን አይበቃም። ወፍራም ጥቁር ላስቲክ አልብሱ፣ ዳር ዳሩን አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ አራት ወር አካባቢ ተዉት። አሮጌ ሸራም ይሆናል፣ ብርሃን ካላሳለፈ። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ በቆላ አፈሩን አግሎ ዘር ይገድላል። በእኛ ብርድ ግን ከሥር ያለውን ሰርዶ አይጨርሰውም፤ እንዲያውም ሞቅ አድርጎ ያሳድገዋል።

ለእንግጫ ማፈን አትሞክሩ። የሾለው ቡቃያው ላስቲክ በስቶ ይወጣል። እሱን የሚያሸንፈው መመላለስ ብቻ ነው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ ገና አራት አምስት ቅጠል ሳለ፣ በአካፋ ከነፍሬው አውጡት። እንዲያድግ ከተዋችሁት ከሥር አዳዲስ ፍሬ ይጨምራል። ያወጣችሁትን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ።

መንገድ ሐ፦ መድኃኒት

እኔ ለመኖሪያ ግቢ አልመርጠውም፤ በተለይ ልጅ፣ ዶሮ ወይም ንብ ካለ። የግድ ከሆነባችሁ እነዚህን ያዙ። ግላይፎሴት የሚባለው አረም ማጥፊያ የሚሠራው እያደገ ባለ አረንጓዴ ቅጠል ላይ ነው። በበጋ የደረቀና አቧራ የለበሰ ሰርዶ ላይ ብትረጩት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ነፋስ ባለበት ወይም ዝናብ ባዘለ ቀን አትርጩ። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ደግሞ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ስለሚገድል ሰርዶውን ትቶ የምትተክሉትን ተክል፣ የጎረቤትን ቲማቲምና ጽጌረዳ ይፈጃል። በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፉ። የመድኃኒቱን ጀሪካን አጥባችሁ ለውሃ አትጠቀሙበት፤ በስታችሁ አስወግዱት።

ደረጃ 5፦ የተደበቀውን ዘር አውጡት

መሬቱ ጸዳ ብላችሁ ለመትከል አትቸኩሉ። አፈር ውስጥ ገና ያልበቀለ ብዙ ዘር አለ።

1. አፈሩን በሬክ ወይም በእንጨት ደልድሉት።
2. የበልግ ዝናብ ይምታው። ካልዘነበ ሁለት ሦስት ቀን እየለያያችሁ አጠጡት።
3. ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ መሬቱ አረንጓዴ ይለብሳል። አትደንግጡ፣ የተፈለገው ይሄ ነው።
4. ፀሐያማ ጠዋት ጠብቃችሁ የላይኛውን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ በአካፋ ወይም በመኮትኮቻ ፋቁት። በጥልቀት ከቆፈራችሁ ከሥር ሌላ ዘር አውጥታችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።
5. ሁለቴ ወይም ሦስቴ ድገሙት። በየጊዜው የሚበቅለው እየሳሳ ይመጣል።

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው እያንዳንዷን ቡቃያ በኋላ በችግኙ መሃል ተንበርክኮ ይለቅማታል።

ደረጃ 6፦ አፈሩን ለተክል አብቁት

አዲስ ግቢ ላይ አብዛኛው መሬት አፈር አይደለም። ከላይ ሁለት ጣት አፈር አለ፤ ከሥሩ ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ሲሚንቶ የተቦካበት ደረቅ ጭቃ። ሲሚንቶ የተቦካበትን ቦታ ቆርቁራችሁ አውጡት። ኖራው አፈሩን ስለሚያበላሸው ተክል ይቀጭጭበታል።

ውሃ ማስረጉን ፈትሹ። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካለ መደብ መሥራት አለባችሁ። መደቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በመሃል ቦይ ይኑር፣ ቦዩ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቤቱ አይዘንብል። ጥቁር አፈር ላይ የበሰለ ኮምፖስትና ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ ቀላቅሉበት። ጭቃ ሳለ ግን አትርገጡት፣ አትቆፍሩትም። አንዴ ከተረገጠ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ሦስት ማስጠንቀቂያ፦

ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ። ላሟ የበላችው ድርቆሽ ውስጥ የነበረው ዘር ሆዷ ውስጥ ሁሉም አይሞትም። በደንብ ግሎ የበሰለውን ተጠቀሙ።

በመኪና የሚመጣ «ለም አፈር» ስትገዙ ሳይራገፍ ውጡና እዩት። እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ፈልጉ። ቋጠሮ ያለው ገርጣ ሥር ወይም ጠቆር ያለች ፍሬ ካገኛችሁ መልሱት። ሾፌሩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ከቤቱ ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አትትከሉ። ጠጠር ወይም ቀይ አሽ አድርጉበት። ጥቅጥቅ ያለ ተክል ግድግዳ ሥር እርጥበት ይይዛል፣ አይጥም ይሸሸግበታል።

ደረጃ 7፦ ድንበር ሥሩ

እናንተ ብታጸዱም የጎረቤት ሰርዶ በአጥሩ ሥር ይመጣል። በአጥሩ በኩል 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩና ክፍት ተዉት። ሰርዶና ኪኩዩ ቦዩ ላይ ሲደርሱ ሥራቸው አየር ላይ ይወጣል፣ ታዩታላችሁ፣ ትቆርጡታላችሁ። ቦዩ ካልተመቻችሁ አሮጌ ቆርቆሮ በቁመቱ ቅበሩ፤ ከአፈር በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይታይ። የሾለውን ጠርዝ ግን እጠፉት፣ ልጆች ይቆረጡበታል።

ደረጃ 8፦ ተክሉን እንደ ቦታው ምረጡ

አንድ ተክል ለሁሉም ቦታ አይሆንም። በፀሐይ፣ በአፈርና በሰው መመላለስ ምረጡ።

ፀሐይ፣ ተዳፋት፣ ቀይ ወይም ድንጋያማ አፈር፦ ጦስኝ። የአገራችን ደጋ ተክል ነው፣ ብርዱን ያውቀዋል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ሻይ ላይም ይገባል። የሚጠላው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ ሥር የሚተኛ ውሃ። ጥቁር አፈር ላይ ያለ መደብ አትሞክሩት። ከተራራ ላይ ከነሥሩ ነቅላችሁ አታምጡ፤ ጥቂት ቅርንጫፍ ይበቃል።

ከፊል ጥላ፣ እርጥበት የሚይዝ ቦታ፣ አልፎ አልፎ የሚረገጥ፦ የአይጥ ጆሮ። ክብ ክብ ትናንሽ ቅጠል ያላት፣ ከመሬት የማትነሳ ተክል ናት። ምናልባት ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ራሷ በቅላ ይሆናል፤ ፈልጓት። ነቅላችሁ ከምትጥሏት አባዟት።

ፀሐይ፣ ከባድ አፈር፣ ብዙ ወጪ የማይፈልግ፦ ማገጥ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከክረምት በኋላ ደርቆ ይጠፋል። የምትፈልጉት በግንዱ እየተሳበ በየቋጠሮው ሥር የሚሰደውን ነው። ለመለየት ጥር ላይ ሜዳ ውጡና ገና አረንጓዴ ሆኖ የቆየውን እዩ። ንብ ይወደዋል። ባዶ እግራቸውን የሚጫወቱ ልጆች ካሉ አበባው ሲበዛ እጨዱት።

ከዛፍ ሥር፣ ጥላ፦ ስፓይደር የሚሉት ረጃጅም ቀጭን ቅጠል ያለው፣ ልጆቹን አንጠልጥሎ የሚያወጣው ተክል። ልጆቹን እየቆረጡ መትከል ብቻ ነው። ከባህር ዛፍ ሥር ግን ምንም ብትተክሉ ይቸገራል፤ ዛፉ ውሃውን ይጠጣዋል፣ የረገፈው ቅጠልም ሌላ እንዳይበቅል ያደርጋል። እዚያ ቀይ አሽ ነስንሱና ተዉት።

ፀሐይ፣ የድንጋይ ካብ ጫፍ፦ አፕቴኒያ። ወፍራም ውሃ የያዘ ቅጠልና ትንንሽ ሮዝ አበባ ያላት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ጥሩ ናት። ውርጭ ግን ያቃጥላታል፤ ሱሉልታና ሰንዳፋ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ በግድግዳ ጥግ ብቻ ትከሏት።

የማልመክራችሁ፦ ኪኩዩን «ቢያንስ አረንጓዴ ነው» ብላችሁ አትትከሉ። አረም በአረም መተካት ነው፣ ከጎረቤትም ያጣላል። ላንታና (የወፍ ቆሎ) በግና ላም ይመርዛል፣ ወፎችም ዘሩን ይበትኑታል። ትራዴስካንሺያ ቆንጆ ነው ግን ቁራጩ በወደቀበት ይበቅላል፣ ውሻ ሲተኛበትም ቆዳውን ያሳክከዋል።

ችግኝ ስትገዙ አንዱን ከላስቲኩ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። እንግጫ ወደ ብዙ ግቢ የሚገባው በተገዛ ችግኝ አፈር ነው። ከጠረጠራችሁ አፈሩን በባልዲ ውሃ ሙሉ በሙሉ እጠቡና ባዶ ሥሩን ትከሉ።

ደረጃ 9፦ ሒሳቡን ሥሩ፣ ችግኙን አባዙ

በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተከላችሁ ለአንድ ካሬ 11 ችግኝ ይገባል። በ25 ሴንቲ ሜትር 16። በ20 ሴንቲ ሜትር 25። ለ20 ካሬ በ25 ሴንቲ ሜትር 320 ችግኝ ማለት ነው። ይህን ያህል መግዛት የሚችል ይግዛ። ሌላው ሰው ወጪ ፈርቶ 80 ችግኝ ገዝቶ በ50 ሴንቲ ሜትር ይረጨዋል። ያኔ በመሃል ያለው ባዶ መሬት የአረሙ ይሆናል።

የሚሻለው መጋቢት ላይ 20 ወይም 30 እናት ችግኝ ገዝቶ እስከ ግንቦት ማባዛት ነው።

1. ጥላ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር መደብ ሥሩ፤ አፈርና ኮምፖስት እኩል።
2. ጠዋት፣ ያላበበ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ።
3. የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ።
4. ሁለት ቋጠሮ አፈር ውስጥ ይግባ፣ ዙሪያውን በጣት ጫን በሉት። የአፕቴኒያን ቁራጭ ግን አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አስቀምጣችሁ ቁስሉ ሲደርቅ ትከሉ።
5. አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሳይጨቀይም ጠብቁ። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ከያዘ ሥር አውጥቷል።

የአይጥ ጆሮና ማገጥ ቁራጭ አያስፈልጋቸውም። ሥር የያዘውን ምንጣፍ መዳፍ በሚያህል ቆርሳችሁ ትከሉ።

ደረጃ 10፦ ትከሉ

ደመና ያለበትን ቀን ወይም ከሰዓት በኋላ ምረጡ።

1. ከመትከላችሁ ሁለት ቀን በፊት አዲስ ቡቃያ ካለ ለመጨረሻ ጊዜ ፋቁ።
2. ሲባጎ ወጥሩ። የሁለተኛው መስመር ችግኝ ከመጀመሪያው መስመር ችግኝ ፊት ለፊት አይሁን፤ በሁለት ችግኞች መሃል ባለው ክፍተት ትይዩ ይግባ። በዚህ አተካከል ክፍተቱ ቶሎ ይዘጋል።
3. ለእያንዳንዱ ችግኝ ሥሩን የሚያህል ጉድጓድ ብቻ ክፈቱ። መሬቱን በሙሉ እንደገና አትቆፍሩ።
4. በላስቲክ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ትከሉ። አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።
5. አፈሩን በጣት ጫን በሉ። ዝናብ ቢጠበቅም ወዲያው አጠጡ።
6. በችግኞቹ መሃል 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱ። የቡና ገለባ ወይም የበሰለ ኮምፖስት ጥሩ ነው። የጤፍ ጭድ ከሆነ ፍሬ የቀረበት እንዳይሆን እዩ፤ አለዚያ ጤፍ ታመርታላችሁ። ሰጋቱራ ከላይ ብቻ ይነስነስ፣ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ተክሉን ያቀጭጨዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል አትጠቀሙ።
7. ጉዝጓዙ የችግኙን ግንድ አይንካ፤ ሁለት ጣት ክፍተት ተዉ።

ደረጃ 11፦ እስኪገጥም ጠብቁት

የመጀመሪያው ወር፦ በየሳምንቱ አረም ልቀሙ። ጣት የሚያህል ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ስንዝር ከሆነ ችግኙን ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ አትጎትቱት፣ አንገቱ ላይ በመቀስ ቁረጡት።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር፦ በየሁለት ሳምንቱ። የሞተ ችግኝ ካለ በዚያው ሳምንት ተኩት። የአጥሩን ቦይ እዩ። ረዣዥሙን ቅርንጫፍ ወደ ባዶው ቦታ አጠፍ አድርጋችሁ ቋጠሮው ላይ ትንሽ አፈር ጫኑበት፤ እዚያው ሥር ይሰድዳል።

ከጥቅምት በኋላ፦ ዝናቡ ስላቆመ ውሃ ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ጥቁር አፈር መሰንጠቅ ሳይጀምር አጠጡ፤ ከተሰነጠቀ ሥሩን ይበጥሳል። የዕቃ እጣቢ ውሃ መጠቀም ይቻላል። በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢ ግን አይደረግም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ሰርዶ በተክሉ መሃል ወጣ። አትጎትቱት። በዙሪያው ያለውን ተክል ከነአፈሩ በአካፋ አንሱ፣ የሰርዶውን ሥር እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ አውጡ፣ ተክሉን መልሱና አጠጡ። ቦታው ከአንድ ካሬ በላይ ከሆነ ግን ልባችሁን ጨክኑ። ጤነኛውን ተክል አንስታችሁ መደብ ላይ አቆዩና ያንን ቦታ ከደረጃ 4 ጀምሩት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ግንዱ ልፍስፍስ አለ። ውሃ በዝቶበታል። ጉዝጓዙን ግለጡ፣ ጎኑ ላይ ቦይ ክፈቱ። የበሰበሰውን አውጡ፣ ከጤነኛው ቁራጭ ወስዳችሁ ሌላ መደብ ላይ አስቀምጡ።

ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ውርጭ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ይመጣል። የጠቆረውን ወዲያው አትቁረጡ፣ ከሥሩ ያለውን ይከላከላል። ማታ ማታ ጆንያ ወይም ድርቆሽ አልብሱ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡ። ብርዱ ሲያልፍ የሞተውን ከርክሙ።

ችግኙ አለ ግን አይሄድም። አፈሩን በጣት ውጉ። ጣት ካልገባ ተጠቅጥቋል፤ በችግኞቹ መሃል በሹል እንጨት ብሱና ኮምፖስት ሙሉበት። ጣት ከገባና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው ከላይ ብቻ እየቀረ ነው።

ዶሮ ጫረው። ጉዝጓዙ ውስጥ ትል ፍለጋ ነው። እስኪገጥም ድረስ የሽቦ ወንፊት ወይም እሾሃማ ቅርንጫፍ መሬት ላይ አንጥፉ፤ ተክሉ በመሃሉ ይወጣል።

ዳሩ ገጥሞ መሃሉ ራቁቱን ቀረ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያቋርጥበት ቦታ ነው። መልሳችሁ ከመትከላችሁ በፊት ማን እንደሚያቋርጥ እዩ። ወደ ሮቶው ወይም ወደ ልብስ ማስጫው የሚወስድ መንገድ ከሆነ መንገድነቱን አጽድቁለት፤ አምስት ስድስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡና በድንጋዮቹ መሃል የአይጥ ጆሮ ትከሉ።